ኤርሳዶ «ማር» ያለ ቀን

ሦስተኛው እንስራም ማሩን አጣ።

ተናኜ ይህን ያወቀችው በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ነው። ክዳኑን አንስታ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳች፤ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ አሸተተችው፣ ቀመሰችው። ቀለሙ ጥሩ ቢጫ ነው። ጥፍጥናው አለ። ማንጎውም አለ። የማሩ ጣዕም ግን የለም። ስኳር በውሃ በጥብጠው ማንጎ የጨመቁበት ይመስላል እንጂ ከዲምቱ ቆላ የተቆረጠ ማር የገባበት አይመስልም። ትናንት በዚሁ ሰዓት ማሩ ነበረ፤ ራሷ ቀምሳ «አለ» ብላ ጽፋለች።

ደብተሯን አወጣችና ከትናንቱ መስመር በታች እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ቀን 9። ጥፍጥና አለ። ማንጎ አለ። ማር የለም።»

ሶዶ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። ያላየችውን «አየሁ» ብላ ጽፋ አታውቅም፤ ያየችውንም ደስ ስላላላት ብቻ ትታው አታውቅም። ስለዚህ «የለም» ብላ ከጻፈች በቃ፣ የለም ማለት ነው።

ነገሩ ተራ የመጠጥ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልከበዳት። ግን ባሏ ኤርሳዶ ከሞተ ሰኔ ስምንት ቀን 1997 አንድ ዓመት ይሞላዋል። ኤርሳዶ የግብርና ቢሮ የንብ ባለሙያ ነበር። ከዲምቱ በታች፣ ከማንጎ ዛፎች ሥር፣ የራሱ ቀፎዎች ነበሩት። ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው የቆረጠው ማር ነው አሁን ቤት ያለው። የመጨረሻ ቃሉም «ማር» ነበር። ተናኜ ከቤት አምጥታ በማንኪያ አፉ ውስጥ ብታደርግለትም ሳይውጠው አረፈ። ያን ያልዋጠውን ማር በሙት ዓመቱ ለመጣው ሰው ሁሉ አጠጣለታለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። የለመነውን ሳያገኝ የሄደ ሰው ነው፤ ሌላ ምን ታደርግለት? ማንጎውን የጨመረችበትም ንቦቹ የኖሩት በማንጎ አበባ ስለሆነ ነው።

ባልዲው ውስጥ ለአንድ እንስራ ብቻ የሚሆን ማር ቀርቷታል። ለሰኔ ስምንት ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን።

ጠጅ መጣል የተማረችው ከእናቷ ነው። አባቷ ከጎጃም በወታደርነት መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ እናቷ በጡረታቸው ላይ ጠጅ እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። የእናቷ ጠጅ ሰውን ያስዘፍን ነበር እንጂ ማሩን ፈልገህ አታገኘውም ነበር። ሰፈፉን ያፈሉታል፣ እንስራውን በወይራ ያጥኑታል፣ ጌሾውን ሳይሳሱ ይጨምሩታል። ተናኜ የመጀመሪያውን እንስራ እንደ እናቷ ጣለችና ማሩ ሲጠፋ ቁጭ ብላ አሰበችበት። ማርን ማር የሚያሰኘው ሽታው ነው፤ ሽታ ደግሞ እሳት ይፈራል፣ ጭስና ጌሾ ይሸፍኑታል፣ ሲብላላም ከአረፋው ጋር እየተነነ ይወጣል።

ስለዚህ ሁለተኛውን እሳት ሳታስነካ፣ ለብ ባለ ውሃ በጠበጠችው፤ የጌሾውን መጠን በግማሽ ቀነሰች፤ ማንጎውን ከስድስት ቀን በኋላ ጨመረች። ሦስተኛውን ጨርሶ ባልታጠነ እንስራ ጣለችው። እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ጓዳው ወለል ላይ አስቀመጠችው፤ ቀዝቀዝ ብሎ ቀስ እያለ እንዲብላላ። ከማሩም ሢሶውን ይዛ ቆይታ፣ መብላላቱ ሲረግብ ጨመረችው። ያን ሁሉ አድርጋም በዘጠነኛው ቀን ያው ሆነ።

ያስጨነቃት መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። አጠፋፉ ነው። ቀስ በቀስ እየሳሳ ቢሄድ ይገባታል። ይሄ ግን ማታ ሙሉ ሆኖ ያድርና ጠዋት ጭርሱኑ የለም። ሰው በሩን ከፍቶ እንደሚወጣ፣ ተነሥቶ ነው የሚሄደው።

ጥፋቱ የእጇ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከሦስተኛው ጎን ሌላ ትንሽ እንስራ ጥላ ነበር። ማሩን ከጎረቤቷ ከአብዱሰመድ ሱቅ ገዛች፤ ማንጎው ያው፣ ጌሾው ያው፣ ውሃው ያው፣ ቀኑም ያው። በዚያ በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ የአብዱሰመድን ሚስት ሁሪያን በአጥር ጠራቻት። ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠበቀቻት።

«አሽትቺልኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና ልታሰክሪኝ ነው?»

«ቅመሺ አላልኩሽም። አፍንጫሽን ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«አፍንጫዬም ሙስሊም ነው እኮ!» አለች ሁሪያ እየሳቀች። ግን ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን አሸተተችና ወዲያው ቀና አለች። «ይሄ የኛ ማር ነው። የቦምቤው። ቡና አበባ አለበት፤ ጨለማ ውስጥ ብታመጪልኝ አውቀዋለሁ።»

«ይሄኛውስ?»

ሁሪያ ደግማ አሸተተች። «ማንጎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለው? ማንጎ ነው። ማር ጨምሬበታለሁ እንዳትዪኝ ብቻ።»

ተናኜ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሁሪያ ሙቀቱ እንዳቃጠላት ተናግራ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ጆግ ውሃ ቀድታ ጠጣች። አንዴ ተጎነጨች፣ ቆመች፣ ብርጭቆውን አየችው።

«ተናኜ፣ ውሃው ላይ ማር አድርገሻል እንዴ?»

«የቧንቧ ነው። አሁን ስትገቢ ነው የቀዳሁት።»

«ወላሂ፣ ማር ማር ይላል።»

ተናኜ ብርጭቆውን ተቀብላ ቀመሰች። አልተሳሳተችም። ማር ነው፤ የአብዱሰመድ ሱቅ ማር አይደለም፣ የቡና አበባ የለበትም። መጀመሪያ ደረቅ ሣር የመሰለ፣ ኋላ የማንጎ አበባ የሚከተለው፣ የኤርሳዶ ማር ነው። ውሃው ግን እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ጥፍጥናም የለውም። ጣዕሙ ብቻ መጥቶ ውሃው ላይ ተቀምጧል። ሁሪያ እየሮጠች ሄዳ ከራሷ ቤት ቧንቧ፣ ከዚያው መስመር፣ ውሃ አመጣች። ያ ውሃ ውሃ ነው።

ሁሪያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል። «እኔ የናንተን አላውቅም» አለች። «ግን ቄስ ጥሪና ጸሎት አስደርጊ። የሆነ ነገር እየዞረ ነው እዚህ ቤት።» ከዚያ በኋላ የተናኜን ቤት ውሃ አፏ አላስነካችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከዲምቱ በኩል ትኩሳት ይዟት የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ጣቷን ተወግታ ደሟ ስላይድ ላይ ተቀባ። ተናኜ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ሳለ ሽታው ከስላይዱ ተነሣ። አልኮል አይደለም፤ የማቅለሚያው ኬሚካልም አይደለም። ማር ነው። ከወንበሯ ተነሥታ መስኮት ከፈተች፣ እጇን ታጠበች፣ ጓንት ቀየረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አሁንም ማር ነው። ወባው በግልጽ ይታያል፤ ውጤቱን ጽፋ ለልጅቷ እናት ሰጠች። «አሁኑኑ መድኃኒቱን አስጀምሪያት። ማታ አትበዪ» አለቻት። እናትየዋ ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ሽታው አብሮ ወጣ።

ከዚያ ቀን በፊት ተናኜ ለአራት ዓመት ሆን ብላ ያላሰበችው ነገር ነበር።

ኢየሩሳሌም የሚሏት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በ1993 ዓመተ ምህረት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ተናኜ ለስልጠና አዋሳ ሄደች። ስትሄድ ኤርሳዶን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ «ቆላ አትውሰዳት፣ ወባ አለ።» ኤርሳዶ ልጁን ቀፎ ሊያሳያት ዲምቱ ወሰዳት፤ ስላለቀሰችበት ነው። ስትመለስ አተኮሳት። ጉንፋን ነው ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ማር በሎሚ አላሳት። የንብ ሰው ነው፤ ማር የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም። ተናኜ በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ስትደርስ ልጅቷ ሰው አትለይም። ደሟን የወሰደችው ራሷ ናት፤ ስላይዱን ያየችውም ራሷ። ሌሊቱ ሳይነጋ አበቃ።

ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ተናኜ ባሏን አንዲት ጥያቄ ጠየቀችው። «ማር ነው ያላስካት?» አለችው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር ለሦስት ዓመት ሲኖሩ የልጅቷ ስም አልተነሣም። ወጥ ጨው በዛው፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ደመወዝ ወጣ፤ ይህን ሁሉ ያወሩ ነበር። እሱ አልለመነም፣ እሷም አልማረችውም። እንዲህ ሆኖ ጉበቱ ታመመ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሆስፒታል ተኛ።

በሞተበት ጠዋት ትንፋሹ ከከንፈሩ አያልፍም ነበር። ተናኜ ፊቱ ላይ አጎነበሰች። «ማር» አለ። አልሰማሁም እንዳትል ደገመው፦ «ማር...» ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ነገር ከእሷ መፈለጉ ልቧን ነካት። ቤታቸው ከሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ነው፤ እየሮጠች ሄዳ በስኒ ይዛ መጣች። ማንኪያውን አፉ ውስጥ አደረገችለት። ኤርሳዶ ማንኪያውን አየ፣ እሷን አየ። አልዋጠም። ማሩ በከንፈሩ ጥግ ወርዶ አገጩ ላይ ቆመ። ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሣ ሞተ።

ያን አስተያየት ተናኜ ዓመቱን ሙሉ ተሸክማዋለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባትም ነበር። ማር ለምኖ ማር የተሰጠው ሰው ለምን እንደዚያ ያያል?

አራተኛውን እንስራ፣ የመጨረሻውን፣ ግንቦት አሥራ አራት ጣለች። የምታውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አደረገች። እስከ ስምንተኛው ቀን በየጠዋቱ ቀመሰች፤ ማሩ ነበር። ከስምንተኛው ቀን በኋላ ክዳኑን አላነሣችም። ፈርታ ነው። ደብተሯ ላይ «አልታየም» ብላ ብቻ ትጽፍ ነበር።

ሰኔ ስድስት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የኤርሳዶ ታላቅ ወንድም ቶማ ከቦምቤ መጣ። ለሙት ዓመቱ ቆጮ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ቅቤና ሁለት ዶሮ ይዞ፣ ከሚኒባስ ወርዶ በጋሪ ነው የደረሰው። ስልሳ ያለፈው፣ ቀጥ ያለ፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ኤርሳዶ ሲያገባ ኦርቶዶክስ ሆኖ ሲጠመቅ ቶማ አንድ ዓመት ኩርፊያ ይዞት ነበር፤ ከዚያ ታረቁ።

«ተናኜ፣ ደህና ነህ? ከሳህ እኮ!» አላት በሩ ላይ።

ተናኜ ፈገግ አለች። እንዲህ ሲያናግራት ኤርሳዶን ነው የምትሰማው። ወንድማማቾቹ አማርኛ የለመዱት ከመዝሙርና ከጸሎት ነው፤ ሴት ይሁን ወንድ ያን ያህል አይጨነቁበትም። ኤርሳዶ ሲረጋጋ «አንቺ» ይላታል፤ ሲቸኩል፣ ሲናደድ ወይም ሲደነግጥ «አንተ» ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስቃ ታርመው ነበር፤ ኋላ ተወችው።

«ይግቡ ጋሼ ቶማ፤ ደክሞዎታል።»

ምሳ አቀረበች። ቶማ ጠጅ አይጠጣምና ከአብዱሰመድ ማር ብርዝ በጥብጣ በብርጭቆ ሰጠችው። «ይሄ አያሰክርም አይደል? ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ያባርረኛል» እያለ ቀለደ። እጁን ወደ ወጡ ሲዘረጋ ክርኑ ብርጭቆውን መታው። ብርዙ በጠረጴዛው ልብስ ላይ፣ ከዚያም በተናኜ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ቶማ አፉ በጉርሻ ተሞልቶ ደነገጠ።

«ማር...» አለ፤ ቀሪው ጉርሻው ውስጥ ቀረ።

«ማር ልጨምርልዎት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።» ተናኜ ወደ ጓዳ ገብታ ማሩን በስኒ፣ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አድርጋ ይዛ ተመለሰች። ስኒውን ፊቱ ስታቀርብለት ቶማ ጉርሻውን ውጦ ከት ብሎ ሳቀ።

«የምን ማር? ማረኝ ነው ያልኩህ! ልብስህን አበላሸሁ፣ ማረኝ ነው ያልኩህ!»

ተናኜ ስኒውን እንደያዘች ቆመች።

«ጋሼ ቶማ» አለች። «ይቅርታ ነው እኮ የሚባለው።»

«ይቅርታ የከተማ ሰው ነው። እኛ ቤት ማረኝ ነው። እናታችንን አስቀይመን ስንመጣም ማረኝ ነበር የምንለው፣ አባታችንን ስናስቀይምም ማረኝ።»

«ለሴት ማሪኝ ነው።»

«ያው አይደለም? እግዜር ማረኝ፣ ተናኜ ማረኝ። ኤርሳዶም እንደዚህ ነበር የሚለው፤ ሃያ ዓመት አብረህ ኖረህ አልሰማህም?»

አልሰማችም። ኤርሳዶ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ምሕረት ለምኗት አያውቅም ነበር፤ ቃሉን ከአፉ የምትሰማበት ቀን አልመጣም። የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ትንፋሽ አጠረው።

ስኒውን አስቀምጣ ተቀመጠች፤ ቶማ ቀሚሷ ያሳዘናት መስሎት ወደ ምሳው አቀረቀረ። እሷ ግን እንደ ልማዷ ነገሩን ቆራርጣ እያየችው ነበር። ኤርሳዶ እንደሷ ሰዋስው «ማሪኝ» ብሎ ጀምሮ ትንፋሹ ቢቆረጥበት ኖሮ «ማሪ» ይቀር ነበር። ማሪን ማንም ሰው ማር ብሎ አይሰማውም። እሱ ግን ደንግጦ ነበር፤ ሲደነግጥ ደግሞ «አንተ» ነው የሚላት። «ማረኝ» አላት። ከ«ማረኝ» መጨረሻው ከነ«ኧ» ድምፁ ሲዋጥ የሚቀረው «ማር» ነው። ሁለት ጊዜ።

ይህ ስህተት ነው፤ ስህተት ይቅር ይባላል። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው ወንበሩን እንድትይዝ ያደረጋት። እሱ ምን አየ? ምሕረት ለመናት። እሷ ምንም ሳትመልስ ሮጣ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ቆይታ፣ ማር በማንኪያ ይዛ መጥታ አፉ ውስጥ አደረገችበት። ከቀብሩ ማታ «ማር ነው ያላስካት?» ብላ የጠየቀችው ሴት፣ በሞቱ ሰዓት ማር አላሰችው። ከዚህ የከፋ መልስ ሰው ለሰው ሊሰጥ ይችላል?

ቶማ ምሳውን ጨርሶ አመሰገነ፤ የመንገድ ድካሙ ያዘውና ሳሎኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ጋደም አለ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ደመና ቤቱን አጨለመውና ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መጣ። ተናኜ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና ጆንያ የተጠቀለለውን እንስራ ክዳን አነሣች። አሸተተች። ማንጎ። ቀመሰች። ማንጎ። ማሩ የለም፤ ድሮም ሄዷል።

በቀን ብርሃን ብቻዋን ከእንስራ ጋር መነጋገር እንደ እብደት እንደሚቆጠር ታውቃለች። ቢሆንም ተንበረከከችና «ምሬሃለሁ» አለች። ቃሉ እንደወጣ ባዶ እንደሆነ ተሰማት፤ ስላይዱን ሳታይ ውጤት እንደመጻፍ ያለ ነው። ተወችው። ከዚያ እውነቱን ተናገረች።

«ማር የለመንከኝ መስሎኝ ነው፣ ኤርሳዶ። ልበቀልህ አይደለም። አልገባኝም ነበር።» እጇን እንስራው ላይ አደረገች። «ማረኝ» አለች።

ከእሱ አፍ ሲወጣ ስህተት የነበረው ቃል ከእሷ አፍ ትክክል ነው። ለወንድ የሚባለው እሱ ነው።

ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሳሎኑ ድምፅ መጣ።

«ማሪኝ።»

ቀስ ያለ፣ ትንፋሽ ያጠረው ድምፅ ነው። መጨረሻው «ኝ» ግን በደንብ፣ ተጠንቅቆ፣ ቃሉን ከአፉ እንዳያመልጠው እንደሚፈራ ሰው ሆኖ ነው የተባለው።

ተናኜ ተነሥታ ሳሎን ሄደች። ቶማ በጀርባው ተኝቷል፤ አፉ ክፍት ነው። ትከሻውን ነካችው። ብንን አለ።

«ምን ሆንክ?» አላት።

«አሁን ምን አሉ፣ ጋሼ ቶማ?»

«እኔ? ተኝቼ ነበር እኮ።»

«ሴትን ሲለምኑ ምንድን ነው የሚሉት? ይበሉልኝ እስቲ።»

«ማረኝ አልኩህ! ቀሚሱ አሁንም ከልብህ አልወጣልህም?»

«ማሪኝ ይበሉ።»

«ማ...ረኝ» አለ ቶማ፤ ዓይኑን እያሻሸ። «አልለመድኩትም፣ አይመጣልኝም። ውሃ ስጠኝ እስቲ፣ አፌ ማር ማር ይላል።»

ውሃ ሰጥታው ወደ ጓዳ ተመለሰች። እንስራው አጠገብ ብዙ ቆመች። አሁን የምትናገረው ቃል በልኩ መሆን እንዳለበት ተረድታለች፤ አንድ ጠብታ ቢጨመርበት ውሸት ይሆናል። የራሷን ሐዘን ለብቻ አየችው፤ አራት ዓመት የቆጠቆጣት ነገር የት ድረስ እንደሆነ፣ ከየት በኋላ የእሷ እንዳልሆነ ለየችው።

«የኔን ምሬሃለሁ» አለች። «የሷን፣ የልጃችንን፣ አላውቅም። በሷ ፈንታ ልምርህ አልችልም። የኔን ግን ምሬሃለሁ።»

መብላላቱን ካቆመ አሥር ቀን ያለፈው እንስራ ውስጥ አንድ አረፋ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ሽታው በጓዳው ውስጥ ቀስ ብሎ ተነሣ፦ ደረቅ ሣር፣ ኋላ የማንጎ አበባ። ተናኜ ቀድታ ቀመሰች። ማሩ ነበረ፤ ሙሉ፣ ከማንጎው ፊት ቆሞ። ምላሷ ላይ አቆየችው፣ ዋጠችው። ስትውጠው ግን መጨረሻው ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። ጣዕሙ ሄዶ ሄዶ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሦስት ጊዜ ቀመሰች፤ ሦስቴም እዚያው ቆመ።

ሰኔ ስምንት ቀን ከቅዳሴ መልስ ሰው መጣ። ድንኳኑ ሞላ፤ ቄሶቹ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ ጠጁ በብርሌ ዞረ። ጠጪዎቹ «ማሩ! ማሩ!» እያሉ ተደነቁ። አንዱ የኤርሳዶ የሥራ ባልደረባ «እሱ ራሱ የቆረጠው ነው፣ አወቅኩት» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዳር የተቀመጡት እማማ ሙሉመቤት፣ ከተናኜ እናት ጋር ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ አሮጊት፣ ብርሌያቸውን ሁለት ጊዜ አፋቸው አድርሰው ሁለት ጊዜ መለሱት። ተናኜን በእጃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ማሩን እንዲህ ያስቀረ ሰው አላየሁም። ግን መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር ጎደለው። ምን አስቀረሽበት?»

«የሰው ድርሻ ነው፣ እማማ» አለች ተናኜ።

አሮጊቷ ጥቂት አዩዋት። የማን እንደሆነ አልጠየቁም። ብርሌያቸውን ሳይጨርሱ መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ሥሩ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዉ ተበተነ። ተናኜ ብርሌዎቹን ልትሰበስብ ትሪ ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ብርሌዎቹ በየአግዳሚው ሥር ቆመዋል። ለእማማ ሙሉመቤት የነገረችውን የሰማ አልነበረም። ግን አንዱም ብርሌ ባዶ አልነበረም። በሁሉም ሥር እኩል፣ አንድ ጣት የሚያህል፣ ቢጫ ጠጅ ቀርቷል። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ መካከላቸው ቆመች፤ የትኛውን ቀድማ እንደምታነሣ ሳታውቅ።